የትከሻ ሕመም፤ ምክንያቱና የሚታወቅበት መንገድ
(ለገበሬዎችና ለቤተ ሰቦቻቸው የተደረገ ንግግር)



ስለ ዘርና ስለ ማዳበሪያ፤ ስለ በሬና ስለ አረም ብዙ ጊዜ ተነጋግረናል። ዛሬ የምንነጋገረው ግን እርፉን ስለሚጨብጠው፤ እንስራውን ስለሚሸከመው፤ መንሹን ስለሚያነሣው የሰው አካል ነው፤ ይኸውም ስለ ትከሻ ነው። ገበሬ አንድ በሬ ቢሞትበት ከጎረቤቱ ጋር ተቀናጅቶ ሊያርስ ይችላል። የራሱ ትከሻ ከታመመበት ግን የሚዋሰው ሌላ ትከሻ የለም። በሰኔ ክንዱን ማንሣት ያቃተው ሰው በኅዳር የሚያጭደው አይኖረውም። ስለዚህ ነገሩ የጤና ብቻ ሳይሆን የእርሻም ጉዳይ መሆኑን ልብ በሉ።

ከእኛ ዘንድ ብዙ ሰው ትከሻው ሲያመው «ብርድ ነው» ወይም «ቁርጥማት ነው» ብሎ ይተወዋል፤ ወይም በቅቤ ይታሻል፤ ወይም ዋግምት ያስደርጋል። ምክንያቱን ግን አይጠይቅም። ይህንኑ ሰው በሬው ቢያነክስበት እንዴት እንደሚያደርግ ተመልከቱት። በሬውን አቁሞ እግሩን ያነሣል፤ ሰኮናውን ያያል፤ እሾኽ ወይም ጠጠር እንዳለ ይፈልጋል፤ እብጠት ካለ በእጁ ይዳስሳል፤ አስኪዶም አካሄዱን ይመለከታል። እሾኹን ሳያወጣ እግሩን ቢያሸው ምንም እንደማይጠቅም ያውቃል። ለበሬያችን የምናደርገውን ይህን ማስተዋል ለራሳችንም ልናደርገው ይገባል።

፩ኛ፤ ትከሻ እንዴት እንደ ተሠራ

የትከሻን ሕመም ለመለየት አስቀድሞ አሠራሩን ማወቅ ያስፈልጋል። በትከሻ ላይ ሦስት አጥንቶች ይገናኛሉ። አንደኛው የላይኛው ክንድ አጥንት ነው፤ ሁለተኛው በጀርባ ላይ ያለው ጠፍጣፋው የትከሻ አጥንት ነው፤ ሦስተኛው ከደረት መካከል ተነሥቶ እስከ ትከሻ ጫፍ የሚደርሰው ቀጭኑ አጥንት ነው።

የጭን አጥንት ከዳሌ ጋር የሚገናኝበት ቦታ ጥልቅ ስለ ሆነ በሙቀጫ ውስጥ እንደ ገባ ዘነዘና ነው፤ በቀላሉ አይወጣም። የትከሻ መገጣጠሚያ ግን እንዲህ አይደለም። የክንዱ አጥንት ራስ እንደ ሎሚ ክብ ሲሆን፤ የሚቀመጥበት ጉድጓድ ግን እንደ ስኒ ማስቀመጫ ጠለል ያለ ነው። በዚህ ምክንያት ክንዳችን ወደ ላይም ወደ ታችም፤ ወደ ፊትም ወደ ኋላም እንደ ልብ ይዞራል። ዋጋው ግን በቀላሉ መውለቁ ነው። ከሰውነት ታላላቅ መገጣጠሚያዎች ሁሉ ብዙ ጊዜ የሚወልቀው ትከሻ የሆነው ስለዚህ ነው።

ታዲያ ይህን ሎሚ በቦታው የሚያቆየው ምንድን ነው? አራት ጡንቻዎች ናቸው። እነዚህ ከጠፍጣፋው አጥንት ተነሥተው በጅማታቸው የክንዱን አጥንት ራስ ከፊት፤ ከላይና ከኋላ ጨብጠው ይይዙታል። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር እንደሚባለው፤ አራቱ ሲተባበሩ ክንዱ በቦታው ይኖራል። የላይኛው ጅማት በሁለት አጥንቶች መካከል ባለች ጠባብ መንገድ ያልፋል። በዚያች መንገድ ላይ ጅማቱ እንዳይፋተግ የምታለሰልስ ትንሽ የፈሳሽ ከረጢት አለች። አብዛኛው የትከሻ ሕመም የሚነሣው በእነዚህ ጅማቶችና በዚህች ከረጢት አካባቢ ነው።

፪ኛ፤ ሥራችን ትከሻን የሚጐዳበት መንገድ

ሦስት ነገሮች ትከሻን ይጐዳሉ፤ ድግግሞሽ፤ ከፍታና ሸክም።

ድግግሞሽ ማለት አንዱን እንቅስቃሴ ያለ ዕረፍት ቀኑን ሙሉ መሥራት ነው። መኮትኮት፤ በዶማ መቆፈር፤ እንጨት መፍለጥና በሙቀጫ መውቀጥ ከዚህ ይቈጠራሉ። ከፍታ ማለት እጅን ከትከሻ በላይ አንሥቶ መሥራት ነው፤ እህል በመንሽ ማዝራት፤ ክምር መከመር፤ ጣራ መክደን፤ የዛፍ ቅርንጫፍ መቍረጥ የመሳሰለው ነው። እጅ ከትከሻ በላይ ሲወጣ ያች ጠባብ መንገድ ይበልጥ ትጠባለች፤ ጅማቱም ይፋተጋል።

ሸክምን በሚመለከት 20 ሊትር ውሃ የያዘ ጀሪካን ከውሃው ብቻ 20 ኪሎ ይመዝናል። 20 ሊትር የሚይዝ የጀርባ መርጫም ሲሞላ የመሣሪያው ክብደት ተጨምሮበት ከዚያ ይበልጣል። የመርጫው ማንገቻ ወይም የእንጨት ሸክም ገመድ ቀጭን ሲሆን ትከሻ ላይ ይሰምጣል፤ ከሥሩ የሚያልፉትንም ነርቮች ይጫናል። ሸክሙ ከወረደ በኋላ ክንዱ የሚደነዝዘው ወይም የሚዝለው ሰው ካለ ምክንያቱ ይህ ሊሆን ይችላል። ክንድን ዘርግቶ 5 ኪሎ መያዝም ወደ ሰውነት አስጠግቶ ከመያዝ እጅግ እንደሚከብድ እያንዳንዳችሁ ሞክራችሁ ማየት ትችላላችሁ። ትከሻ የሚደክመው በክብደቱ ብቻ ሳይሆን ከሰውነት በራቀበት መጠንም ነው።

፫ኛ፤ ከትከሻ ከራሱ የሚነሡ ሕመሞች

ሀ/ የጅማት መቈጣት። ከሁሉ የበዛው ይህ ነው። ሕመሙ የሚሰማው በትከሻ ጫፍ ላይና በላይኛው ክንድ ውጫዊ ጎን ሲሆን ብዙውን ጊዜ ከክርን አያልፍም። ሰውየው ክንዱን በጎን በኩል ሲያነሣ መጀመሪያ ደኅና ነው፤ ወደ ትከሻው ትክክል ሲቃረብ ያመዋል፤ ከዚያ አልፎ ወደ ላይ ሲወጣ እንደ ገና ይቀለዋል። ሌሊት በታመመው ጎን መተኛት አይችልም።

ለ/ የጅማት መበጠስ። ከመውደቅ ወይም ከባድ ነገር በድንገት ከማንሣት በኋላ ይመጣል፤ ዕድሜ ከገፋ በኋላ ግን እንደ አሮጌ ገመድ እየሳሳ ቀስ በቀስም ሊበጠስ ይችላል። ዋናው ምልክቱ ድካም ነው። ሰውየው በራሱ ክንዱን ማንሣት ያቅተዋል፤ ሌላ ሰው ሲያነሣለት ግን ክንዱ ይነሣል። ሲለቀው ተመልሶ ይወድቃል። ከመውደቅ በኋላ እንዲህ የሆነ ሰው በቶሎ ሐኪም ዘንድ መቅረብ አለበት፤ ጅማቱ መሰፋት ቢያስፈልገው ብዙ ወራት ከቆየ በኋላ ሥራው ይከብዳልና።

ሐ/ የትከሻ መድረቅ። መገጣጠሚያውን የሚሸፍነው ልባስ ይቈጣና ይጠነክራል፤ ይኰማተራልም። አብዛኛውን ጊዜ ከ40 እስከ 60 ዓመት ባሉ ሰዎች ላይ ይታያል፤ በሴቶች ላይ ይበዛል። የስኳር በሽታ ያለባቸውና የእንቅርት ዕጢ በሽታ ያለባቸው ሰዎች ይበልጥ ይይዛቸዋል። ክንዱ በጉዳት ምክንያት ለብዙ ሳምንት ታስሮ የቆየ ሰውም ይደርስበታል። በመጀመሪያ ሕመሙ ይበረታል፤ ቀጥሎ ሕመሙ እየቀነሰ ክንዱ ይደርቃል፤ በመጨረሻም ቀስ በቀስ ይፈታል። ይህ ሁሉ ከ1 እስከ 3 ዓመት ሊፈጅ ይችላል። ይህ ሰው ክንዱን በራሱም ሆነ በሌላ ሰው እርዳታ ማንሣት አይችልም። ሴት ከሆነች ፀጉሯን መሠራት፤ ነጠላዋን ወደ ኋላ መጣል፤ ልጅ ማዘል ያቅታታል። ምክንያቱ ሳይታወቅ ትከሻው የደረቀበት ሰው የስኳር ምርመራ ማድረግ ይገባዋል፤ ትከሻው የተደበቀውን በሽታ ሊያሳየው ይችላልና።

መ/ ውልቃትና ስብራት። እጅን ዘርግቶ ከመውደቅ፤ ከበቅሎ ወይም ከዛፍ ከመውደቅ ይመጣል። በብዛት የክንዱ አጥንት ራስ የሚወጣው ወደ ፊት ነው። ከዚያ በኋላ የትከሻው ክብነት ይጠፋና ጫፉ እንደ ማዕዘን ሹል ሆኖ ይታያል፤ ሰውየውም ክንዱን በሌላው እጁ ደግፎ ይይዛል። በወጣትነት የወለቀ ትከሻ እንደ ገና የመውለቅ ዝንባሌው ብዙ ነው። ውልቃትና ስብራት አንድ ላይ ሊሆኑም ስለሚችሉ ያለ ራጅ በእርግጥ መለየት አይቻልም።

ሠ/ የመገጣጠሚያ መበላት። በዕድሜና በብዙ ዓመት ሸክም ምክንያት አጥንቶቹን የሚያለሰልሰው ሽፋን ያልቃል። በተለይ በትከሻው አናት ላይ፤ ቀጭኑ አጥንት በሚያልቅበት ቦታ፤ በጣት ሲጫኑት ያማል። ክንድን በደረት ላይ አሻግሮ ሌላውን ትከሻ መጨበጥ ሕመሙን ያብሰዋል።

ረ/ በተሕዋስያን መመረዝ። መገጣጠሚያው መግል ሲይዝ ትከሻው ያብጣል፤ ይግላል፤ ትኵሳትና ብርድ ብርድ ማለት ይመጣል፤ ክንዱን ጥቂት እንኳ ማንቀሳቀስ አይቻልም። ይህ የቀናት ሳይሆን የሰዓታት ጉዳይ ነው፤ ቢዘገይ መገጣጠሚያው ለዘለዓለም ይበላሻል፤ ሕይወትም ሊያልፍ ይችላል። የሳንባ ነቀርሳ ተሕዋስም መገጣጠሚያን ይይዛል፤ ይህኛው ግን በሳምንታትና በወራት ቀስ እያለ የሚመጣ ነው። እንዲሁም ላሞችን የሚያስወርደው ብሩሴሎሲስ የተባለው በሽታ ወደ ሰው ሲተላለፍ የሚመላለስ ትኵሳት፤ ላብ፤ የጀርባና የመገጣጠሚያ ሕመም ያመጣል። ስለዚህ ያልተፈላ ወተት የሚጠጣና የጨነገፈ ጥጃ ወይም የእንግዴ ልጅ በባዶ እጁ የሚነካ ገበሬ ይህንኑ ለሐኪሙ መንገር አለበት።

፬ኛ፤ ሕመሙ በትከሻ ተሰምቶ ምክንያቱ ሌላ ቦታ ሲሆን

ይህን ክፍል በተለይ አስተውሉ። ትከሻው እያመመ ትከሻው ግን ጤነኛ የሚሆንበት ጊዜ አለ። ደረትንና ሆድን የሚለየው የመተንፈሻ ጡንቻ ነርቩ የሚወጣው ከአንገት ነው፤ የትከሻም ነርቮች የሚወጡት ከዚያው አካባቢ ነው። ስለዚህ በዚያ ጡንቻ አጠገብ ያለ ነገር ሲታመም አእምሮአችን ሕመሙን ከትከሻ የመጣ ያስመስለዋል።

የአንገት ነርቭ ሲጫን ሕመሙ ከትከሻ ተነሥቶ ከክርን በታች እስከ ጣት ይወርዳል፤ መደንዘዝና መጠቅጠቅ አብሮት ይመጣል፤ አንገትን ሲያዞሩ ይለወጣል።

የልብ ሕመም በግራ ትከሻና ክንድ ሊሰማ ይችላል። ክንድን ሲያንቀሳቅሱት አይብስም፤ ዳገት ሲወጡ ግን ይመጣል፤ ሲያርፉ ይተዋል። ደረት መጨምደድ፤ ላብ፤ የትንፋሽ ማጠር ከታከለበትና በዕረፍት ካልተወ ሳይዘገዩ ወደ ሐኪም መሄድ ነው።

የሐሞት ከረጢትና የጉበት ሕመም በቀኝ ትከሻ ሊሰማ ይችላል፤ ቅባት ከበሉ በኋላ የቀኝ ጎን ሕመም አብሮት ይኖራል። በከብት ረገጣ ወይም በመውደቅ ግራ ጎኑን ተመትቶ ከዚያ በኋላ የግራ ትከሻው ጫፍ የሚያመው ሰው ጣፊያው ተቀዶ ደም በሆዱ ውስጥ እየፈሰሰ ሊሆን ይችላል። የወር አበባዋ የዘገየባት ሴት የታችኛው ሆዷና የትከሻዋ ጫፍ አብረው ሲያሟት፤ ራሷንም ሲያዞራት፤ ፅንሱ ከማሕፀን ውጭ ሆኖ ደም እየፈሰሰ ሊሆን ይችላል። በእነዚህ ሁለቱ ትከሻን ማሸት ጊዜ ማባከን ብቻ ሳይሆን ሰውን ማጣት ነው።

የማይለቅ ሳል፤ ክብደት መቀነስና የሌሊት ላብ ያለበት ሰው የትከሻ ሕመም ቢሰማው ሳንባው መመርመር አለበት።

፭ኛ፤ በቤታችን ልናደርገው የምንችለው ምርመራ

ሐኪሙ በእርግጥ የሚለየው እርሱ ቢሆንም፤ በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት አይገኝለትም እንደሚባለው፤ ታማሚው ነገሩን አስተውሎ ካልነገረው ሥራው ይከብደዋል። ስለዚህ በዚህ ቅደም ተከተል ተመልከቱ።

መጀመሪያ ጠይቁ። መቼ ጀመረ? በድንገት ነው ወይስ ቀስ በቀስ? መውደቅ ነበረ? ምን ሥራ ሲሠሩ ይብሳል? ሌሊት ይቀሰቅሳል? እስከ ጣት ይወርዳል? ትኵሳት አለ? የስኳር በሽታ አለ?

ሁለተኛ እዩ። ሰውየው ልብሱን አውልቆ በብርሃን ይቁም። ሁለቱን ትከሻዎች ከፊትም ከኋላም አነጻጽሩ። አንዱ ዝቅ ብሏል? አብጧል? ቀልቷል? ሥጋው ሰልሏል? ቅርጹ ተለውጧል?

ሦስተኛ ዳስሱ። ከደረት ጀምራችሁ በቀጭኑ አጥንት ላይ እስከ ትከሻ ጫፍ በጣት እየተጫናችሁ ሂዱ። የሚያምበትን ቦታ ለዩ፤ በእጅ ጀርባም ሙቀቱን ከሌላው ትከሻ ጋር አስተያዩ።

አራተኛ አንቀሳቅሱ። ሰውየው ራሱ ሁለት እጁን በጎን በኩል ወደ ላይ ያንሣ፤ ከዚያ እጁን ወደ ጀርባው ይላክ፤ ቀጥሎም ክርኑን ከጎኑ ሳያላቅቅ እጁን በር እንደሚከፍት ሰው ወደ ውጭ ያዙር። ያልቻለውን እንቅስቃሴ ሌላ ሰው በቀስታ ያግዘው፤ በኀይል ግን አይሁን። መውደቅ ካለ ወይም ቅርጹ ከተለወጠ ይህን አራተኛውን ጨርሶ አትሞክሩ።

ፍርዱ እንዲህ ነው። በራሱ አቅቶት በረዳት ከተነሣ፤ ጅማት ወይም ነርቭ ተጐድቶ ይሆናል። በራሱም በረዳትም ካልተነሣ፤ በተለይም ወደ ውጭ መዞር ካቃተው፤ መገጣጠሚያው ደርቋል ወይም ተበልቷል። በመካከሉ ብቻ አምሞት ላይ ሲደርስ ከተወው፤ ጅማቱ ተቈጥቷል። ሁሉንም ያለ ሕመም ካደረገ ግን ምክንያቱን በአንገት፤ በደረትና በሆድ ፈልጉ።

ብዙ ሰው «ራጅ ካልተነሣሁ አልታከምኩም» ይላል። ራጅ አጥንትን ያሳያል፤ ለስብራትና ለውልቃት አስፈላጊ ነው፤ ጅማትን ግን አያሳይም። ጅማትን የሚያሳዩት አልትራሳውንድና ኤም አር አይ ናቸው። እነዚህም ቢሆኑ ከምርመራው ጋር ካልተስማሙ ብቻቸውን አይበቁም፤ ዕድሜያቸው ከ60 በላይ በሆኑ ሰዎች ምንም ሳያማቸው የተበጠሰ ጅማት መገኘቱ የተለመደ ነውና።

፮ኛ፤ ምን እናድርግ፤ ምንስ እንተው?

የጅማት መቈጣት ከሆነ የሚያምመውን ሥራ ለጥቂት ሳምንት ቀንሱ፤ ክንዱን ግን ፈጽሞ አታስሩት። በጀመረው ሰሞን በቀዝቃዛ ውሃ የተነከረ ጨርቅ፤ ከቆየ በኋላ ደግሞ ሞቅ ያለ ጨርቅ ያሳርፋል። በደኅናው እጅ ጠረጴዛ ወይም መደብ ተደግፎ፤ ጐንበስ ብሎ፤ የታመመውን ክንድ አንጠልጥሎ በትንሹ ማወዛወዝ፤ እንዲሁም በጣቶች ግድግዳ ላይ ወደ ላይ መውጣት በየቀኑ ቢደረግ ትከሻው እንዳይደርቅ ይረዳል። ለሕመሙ ፓራሲታሞል በታዘዘው ልክ መውሰድ ይቻላል። ዲክሎፌናክና አይቡፕሮፌን ግን የጨጓራ ቍስል፤ የኵላሊት ወይም የደም ግፊት በሽታ ላለበትና ለነፍሰ ጡር ጉዳት ስላላቸው ሐኪም ሳያዝዝ አይወሰዱ።

ውልቃት ወይም ስብራት ሲሆን ክንዱን ባለበት ሁኔታ በነጠላ ደግፉት፤ ቀለበትና አምባር አውልቁ፤ ወደ ጤና ጣቢያ ውሰዱት። በኀይል አትጐትቱት፤ የተሰበረው አጥንት ነርቭና የደም ሥር ሊቈርጥ ይችላልና። ወጌሾቻችን ሐኪም ባልነበረበት ዘመን ሕዝቡን ሲረዱ ኖረዋል፤ ነገር ግን በቀርከሃ ጥብቅ አድርጎ ማሰር ደም እንዳይዘዋወር እየከለከለ እጃቸው እስከ መቈረጥ ያደረሳቸው ሰዎች በሀገራችን ሆስፒታሎች ታይተዋል። የታሰረ ሰው ጣቱ ካበጠ፤ ከቀዘቀዘ፤ ከጠቈረ፤ ከደነዘዘ ወይም ሕመሙ ከባሰ እስሩን በዚያው ሰዓት ፍቱና ወደ ሆስፒታል ውሰዱት። ዋግምትም ምክንያቱን አያነሣም፤ ባልጸዳ ምላጭም ኤች አይ ቪና መንጋጋ ቈልፍ ሊያስተላልፍ ይችላል።

ለመከላከል ሸክሙን ከፍላችሁ ሁለት ጊዜ ተመላለሱ፤ ሞፈርና ቀንበር ስትሸከሙ ትከሻ ለውጡ፤ የመርጫውን ማንገቻ ሰፊ አድርጋችሁ በጨርቅ ደልድሉት፤ መርጫውን ከመሬት ሳይሆን ከከፍታ ላይ እዘሉት። ዶማና መኮትኮቻውን አስሉ፤ የደነዘ መሣሪያ ለትከሻ ጠላት ነው። ቢቻል ውሃውን በአህያ ወይም በጋሪ አምጡ፤ የእናቶችም ሸክም የቤተ ሰቡ ሁሉ ሸክም መሆኑን አትርሱ።

በየቀበሌው የተመደቡት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ወዴት መሄድ እንዳለባችሁ ይነግሯችኋል። ትኵሳትና እብጠት፤ የቅርጽ መለወጥ፤ የክንድ መዛል ወይም መደንዘዝ፤ የደረት መጨምደድ፤ ከጎን ምት ወይም ከወር አበባ መዘግየት ጋር የመጣ የትከሻ ሕመም ሲሆን ግን በዚያው ቀን ወደ ጤና ጣቢያ ሂዱ። ይህ ሁሉ ባይኖርም ስድስት ሳምንት ያለፈው ሕመም መመርመር አለበት።

ሳይቃጠል በቅጠል ይባላል። የእርሻው ወራት ሳይደርስ፤ ሕመሙም ሳይጠና፤ የሚያነክሰውን በሬ እንደምትመለከቱ የራሳችሁን፤ የሚስታችሁን፤ የባላችሁንና የልጆቻችሁን ትከሻ ተመልከቱ። ዛሬ የሰማችሁትንም ላልሰማው ጎረቤታችሁ ንገሩ።